ስሙን እስከ አያቱ

ሥራዬ መጽሐፍ መመዝገብ ነው። በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ። ከሚመጣው መጽሐፍ ሁሉ የጸሐፊውን ስም፣ የአባቱንና የአያቱን እየለቀምሁ አሰፍራለሁ። ስም ተቆርጦ ሲመጣ ያመኛል። «አንቺ የሰው ዘር ቆጣሪ» እያሉ ባልደረቦቼ ይቀልዱብኛል፤ ይቀልዱ። ይህ ጠባዬ ሰው ሊያስገድል እንደሚችል ግን አንድም የነገረኝ የለም።

እሱ የግቢው ኤሌክትሪክ ጠጋኝ ነበር። ሁለታችንም የምንኖረው ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ፀዳ ስለሆነ በአንድ ሰርቪስ እንመላለሳለን። ሁልጊዜ የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ከሰው ጋር ሲያወራ አይቼው አላውቅም። የተግባባነው በሳተላይት ዲሽ በሚመጣ አንድ የውጭ ተከታታይ ፊልም ነው። ከኮከብ ኮከብ እየዞሩ የሚዋጉ ተዋጊዎች ታሪክ ነው። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር መውደዴን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አፍር ነበር። አንድ ቀን ሰርቪስ ውስጥ ስልኬ ላይ ሳየው ከኋላ ጎንበስ ብሎ፣ «ያንን ሰውዬ ግን ለምን አባረሩት?» አለኝ።

ያንን ሰውዬ ያለው አንድ ክፍል ላይ ብቻ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ተዋጊ ነው። አለቆቹ ፊታቸው ያቆሙታል፤ ከትከሻው ላይ ምልክቱን ይነጥቁታል፤ ጠባብ መንኮራኩር ውስጥ ከትተው ወደ ጨለማው ይለቁታል። ጥፋቱ ምን እንደሆነ አይነገርም። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ዞሮም አያየው። ለካ እኔን ሲያብሰለስለኝ እሱንም ሲያብሰለስለው ኖሯል! በነጋታው የሰውዬውን ታሪክ እኛው እንጻፈው ተባባልን። የወደዱትን ፊልም ገጸ ባሕርይ ወስደው የራሳቸውን ታሪክ የሚቀጥሉለት ሰዎች ቴሌግራም ላይ ሞልተዋል። እሱ ሐሳብ ሊያመጣ፣ እኔ ልጽፍ ተስማማን።

ገና በመጀመሪያው ቀን ተጣላን። እኔ ተዋጊው የአለቃውን ሚስት ወዶ እንዲባረር ፈለግሁ። እሱ ራሱን ነቀነቀ።

«አይሆንም። ሰውዬው ምንም አላጠፋም።»

«ታዲያ ለምን ይባረራል? ምንም ካላጠፋ ሰው ምን ታሪክ ይወጣል? እንዴ!»

«ያጠፋው ታላቅ ወንድሙ ነው» አለኝ በቀስታ። «በድንበር ተጣልቶ ሰው ገደለ። የሟች ወገኖች ግን ገዳዩን አይፈልጉትም። ገዳዩ ሰካራም ነው፤ እሱን ቢገድሉ ደማቸው አይካካስም። የሞተባቸው ሸጋ ሰው ነበር። ስለዚህ ከዚያ ቤት ሸጋውን ነው የሚፈልጉት። የተማረውን።»

ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። በደስታ! እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ደም መመለስ የሚባለውን የማውቀው በወሬ ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከዚያ ዝምተኛ ሰው አፍ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። «አንተ! የት ደብቀኸው ነው?» ብዬ ትከሻውን መታሁት። እሱ መስኮቱን አየ።

«እሺ፣ ማን ነው የሚያባርረው?» አልሁት።

«የገዛ ሽማግሌዎቹ። ሊያተርፉት ብለው። ምልክቱን የነጠቁትም እንዳይታወቅ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል በየሰርቪሱ ሐሳብ እየጨመረልኝ ጻፍሁ። ተዋጊው በየወደቡ ሲቀመጥ ጀርባውን ለበር አይሰጥም። በዓል ሲደርስ የሰው ቤት ከመሄድ የጥበቃ ተራ ይይዛል። አገርህ የት ነው ሲሉት የሌላ ኮከብ ስም ይጠራል። እኔ ደግሞ «በለው!» እያልሁ እጽፋለሁ። ይህ ጓደኛዬ ለሰው ሁሉ የኮላ ድባ ልጅ ነኝ ይላል፤ አንድ ቀን ቅመም ላስመጣ ብዬ የኮላ ድባ ገበያ ምን ቀን እንደሚውል ብጠይቀው አያውቅም። በዓል በመጣ ቁጥር እሱ ተረኛ ነው። ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ አላየሁም፤ ድንጋይ!

ግድያው የት ይሁን ብዬ ጠየቅሁት። «ሦስት ጥድ ያለበት ዳገት ላይ። ከበታቹ ምንጭ አለ፤ ምንጩ አጠገብ ለሁለት የተሰነጠቀ ቋጥኝ።» ኮከብ ላይ ደግሞ ጥድ ምን ይሠራል ብዬ ሳቅሁበት። «ይኑር» አለኝ። እኔም እንዲኖር ተውሁት።

ሰባት ክፍል አወጣሁ። አንባቢው በዛ፤ ልቤ አበጠ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሐሳቡ የእሱ ሆኖ ሳለ ስሙ የትም የለም። ለእኔ ይህ ስርቆት ነው። ሳልነግረው ላስደስተው ብዬ ሰባተኛው ክፍል ግርጌ ላይ ምስጋና ጨመርሁ፤ «የሐሳቡ ባለቤት» ብዬ ስሙን ጻፍሁ። በስሙና በአባቱ ስም የሚጠራ ሰው ጎንደር ውስጥ ስንት አለ! ከሌላ ሰው ጋር እንዳይምታታ ብዬ መጽሐፍ ሲዋስ የሞላውን ቅጽ ከመሳቢያ አውጥቼ፣ አያቱንም ጨመርሁ። ሥራዬን በሚገባ ሠራሁ ብዬ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥሁ።

በማግስቱ ከሥሩ አንድ አስተያየት ተጻፈ። «ታሪኩ ሸጋ ነው። ጥዶቹ ግን አሁን ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ተቆርጧል።»

ቀልድ መሰለኝ። «የትኛው ኮከብ ላይ?» ብዬ መለስሁ። ሰውዬው ለዚህ አልመለሰም። ቆይቶ ግን እንዲህ ሲል ጻፈ፤ «ባለ ሐሳቡ ደህና ነው ወይ? ከተጠፋፋን ብዙ ዘመን ሆነን። አሁን የት ነው የሚሠራው?»

ትሕትናው ደስ አለኝ። እጄን ይቁረጠውና፣ የኮሌጁን ስም ጽፌ «ጥገና ክፍል ነው፤ ሰላምታህን አደርስልሃለሁ» አልሁት።

ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ እየሳቅሁ ስልኬን ሰጠሁት። «ይኸው፣ አገርህን የሚያውቅ አንባቢ አገኘን!» አነበበው። ደግሞ አነበበው። ስልኩን እንደ ሸክላ ዕቃ በጥንቃቄ መለሰልኝ።

«የአያቴን ስም ማን ሰጠሽ?»

«ቅጽህ ላይ አለ እኮ…»

አዘዞ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» አለ። የፊቱ ቀለም ጠፍቶ ነበር። ምን ሆነ ብዬ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ተከተልሁት። የመንገዱ ዳር ላይ፣ ባጃጅ እየጮኸብን፣ ሁሉንም ነገረኝ። ወንድሙ እስር ቤት ነው። ዳገቱ እሱ የተወለደበት አገር፣ ከድብ ባሕር ከተማ በላይ ነው፤ ጥዱም ምንጩም ቋጥኙም አለ። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ደሙን ለማድረቅ፣ ሊያስታርቅ ተቀምጦ ሁለቴም የሟች ወገኖች እንቢ ብለዋል። እሱ ከአገሩ ከወጣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው።

ደነገጥሁ። ስደነግጥ ደግሞ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ «ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ! ምነው!» ብዬ ጮኽሁበት።

«ነገርሁሽ እኮ» አለኝ። «ለአንድ ሰው መናገር አማረኝ። በታሪክ አድርጌ ነገርሁሽ። እስከ አያቴ ትሄጃለሽ ብዬ አላሰብሁም።»

ላጥፋው ብዬ ስልኬን አወጣሁ። እጄን ያዘኝ። «ካዩት በኋላ ብታጠፊው አሁንማ ይብሳል። ሞተ ብለሽ ጻፊ። በመተማ መንገድ ማኪና ተገልብጦ ሞተ፣ እዚያው ቆላ ተቀበረ በይ። ለግቢውም እንደዚያው ንገሪ።»

«እናትህስ?»

ይህን ስጠይቀው ነው ድምፁ የተሰበረው። «እናቴም እንዳትሰማ። ማለቴ፣ መኖሬን እንዳትሰማ። እነሱ ለቅሶ ብለው መጥተው ፊቷን ያያሉ። እናቴ ካላመነች እነሱ አያምኑም። እሷን አደራ… እሷን ግን…» ብሎ መጨረስ አቃተው። የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ገባ። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅሁም፤ ማወቁን ፈራሁ። ቤቱ ገብቶ አንድ ሸሚዝ እንኳ አልያዘም።

አደጋ ደረሰ ተብሎ ተደውሎልኝ የሄድሁ ለማስመሰል ሁለት ቀን ከሥራ ቀረሁ፤ በሦስተኛው ቀን መርዶውን ጻፍሁት። በፊልም ጨዋታ የጀመርሁ ሴትዮ፣ በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብዬ በገዛ ጣቴ ጻፍሁ። የጥገና ክፍል ሰዎች ሲያለቅሱ አብሬ ቆሜ «መንገድ እኮ ነው» እያልሁ ዋሸሁ። ያ ሰው አስተያየት መስጠቱን አቆመ። ዝምታው ደግሞ ከጥያቄው ይብስ ነበር፤ የቤተ መጻሕፍቱ በር በተከፈተ ቁጥር ማን ገባ ብዬ ቀና እላለሁ።

የሞቱ ወሬ አገሩ ደርሶ ኖሮ በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት የጓደኛዬ እናት መጡ። ጸጉራቸውን ተላጭተዋል፤ ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፤ አንዲት የወንድማቸው ልጅ ደግፋቸዋለች። የጥገና ክፍል ሰዎች «መጨረሻ አብራው የነበረችው እሷ ናት» ብለው ወደ እኔ ልከዋቸው ነው። ሳያቸው ከወንበሬ ተነሳሁ። ከእነሱ ኋላ አንድ ወጣት ገባ፤ ሃያዎቹ አጋማሽ ይሆናል፤ ባርኔጣ ደፍቷል። ተማሪ መስሎኝ ነበር። ጋዜጣ የሚነበብበት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ጋዜጣ ግን አላነሳም። እኔን ያይ ጀመር።

«ልጄ» አሉኝ የጓደኛዬ እናት፣ «አየሽው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ሬሳውን?»

ወጣቱ አንገቱን ቀና አደረገ። በዚያች ቅጽበት ማን እንደሆነ ገባኝ። ማንም አልነገረኝም፤ ፊቱ ላይ ግን ጥያቄው ተጽፎ ነበር። አንዲት ቃል ብሳሳት ጓደኛዬን ካለበት እስኪያገኘው ድረስ አያርፍም።

«አየሁት» አልሁ። «ፊቱ ደህና ነበር። አልተጎዳም።»

«እሰይ። እሰይ፣ ፊቱ ደህና ከሆነ…» የባንኮኒውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙ። «አልተሰቃየም?»

«አልተሰቃየም።»

«ስሜንስ ጠራ? ውሸት እንዳትነግሪኝ።»

አዘዞ መንገድ ዳር ላይ ሳይጨርሰው የቀረው ነገር ትዝ አለኝ። ያን ሁሉ ሐሰት ስናገር ዓይኔ አልረጠበም ነበር። እውነቱ ላይ ስደርስ ግን አልቻልሁም።

«ጠራዎት፣ እማማ። መጨረሻ የተናገረው ስለ እርስዎ ነው» አልሁና ባንኮኒው ላይ ተደፍቼ እሪ አልሁ። ተማሪዎቹ ሁሉ ዞሩ። ይብቃሽ ብለው ሊያነሱኝ ሞከሩ፤ አልነሳም። አሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸውን ያላዩ ሴት ፊቴ ቆመዋል፤ ልጃቸው አለ፤ አንዲት ቃል ብናገር ሐዘናቸው ይቀራል። ያችን ቃል ግን ያ ወጣት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

ቀና ስል ወጣቱ ቆሟል። ወደ ባንኮኒው ቀረበ፤ ባርኔጣውን አወለቀ። ዓይኖቹ ደክመዋል፤ እንደ ፈራሁት የክፉ ሰው ዓይን አልነበሩም። «ጥዶቹን ሁለት ናቸው ብዬሽ ነበር» አለኝ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «የተቆረጠው አባቴ የወደቀበት ነው።» ከዚያ ወደ ጓደኛዬ እናት ዞሮ «ነፍስ ይማር» ብሎ ወጣ። እሳቸው ማን እንደሆነ አላወቁትም፤ «አሜን፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉት።

እኔ ማልቀሴን አላቆምሁም። እሳቸው ባንኮኒውን ዞረው ወደ እኔ መጡ፤ ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

«በቃ የኔ ልጅ፣ በቃ» አሉኝ። «አንቺም ወንድምሽን አጥተሻል፤ እግዜር ያጽናሽ።» በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ።