የጉልበት መድኃኒት ወደ ጎባ

ከጎባ የወጣሁ ዕለት ማታ አዮ፣ እናቴን እንዲህ ነው የምንጠራት፣ እስከ ሚኒባሱ ድረስ በእግሯ ሸኘችኝ። እኔ ሻንጣ እጎትታለሁ፣ እሷ ቀድማኝ ትሄዳለች። “ቶሎ በይ እንጂ፣ አውሮፕላኑ ጎባ ድረስ መጥቶ አይወስድሽም!” እያለች ታሾፍብኛለች። ሚኒባሱ ሲነሳ ግን ፊቷን በሻሿ ሸፍና ዞር አለች። እኔም ሮቤ እስክደርስ አለቀስኩ። እዚያ አድሬ በነጋታው አዲስ አበባ ገባሁ።

በባሕርና በበረሃ ላለፋችሁ ወገኖቼ ስለ መንገድ ማውራት ያሳፍረኛል፤ እኔ ስዊድን የገባሁት በአውሮፕላን ነው። የከበደኝ ከደረስኩ በኋላ ያለው ነው። ብርዱ እንኳ የጎባን ልጅ ያን ያህል አያስደነግጥም። ግን ጎባ ሲበርድሽ ጎረቤት ገብተሽ ትሞቂያለሽ፣ እዚህ ጎረቤት ለመግባት ቀጠሮ ያስፈልጋል። ጠዋት ጠዋት ግሮት ይበላሉ፣ መሐሉ ላይ ቅቤ የሌለው ገንፎ መሆኑ ነው። በገብስ ዱቄትና በቅቤ የታሸው የአዮ ጩኮ ስንት ጊዜ አማረኝ መሰላችሁ!

አከራዬ ኢንግሪድ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። በቋንቋቸው አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ በልቤ ነው አንቱ የምላቸው።

“ቅቤ ስታነጥሪ መስኮት ክፈቺ” አሉኝ። ከፈትኩ።

“ማሞቂያ እየሠራ መስኮት ይከፈታል?”

“ታዲያ ምን ላድርግ?”

“ቅቤውን በበጋ አንጥሪው።”

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ከአጥራቸው ቀይ ፍሬ በሳህን ለቅመው ገቡ። ሳየው “ቀጋ!” ብዬ ጮህኩ። እነሱ ኒፖን ይሉታል። እየሰነጠቅን፣ ውስጡ ያለውን ያን የሚያሳክክ ጠጉር ስንጠርግ ዋልን። ልጆች ሳለን ጠጉሩን አንዳችን በአንዳችን አንገት እየከተትን ነበር የምንጫወተው፣ አዮ ደግሞ ለሆድ ትል ነው እያለች ፍሬውን ታስበላናለች። ኢንግሪድ በስኳር አፍልተው ሾርባ ነው አሉኝ። ስኳር ያለበት ሾርባ እንኳ አልገባኝም፣ ግን ሳህኑን አሟጥጬ ጠጣሁት። ከዚያ ጉልበታቸውን መታ መታ አድርገው፣ “እስካሁን የምራመደው የዚህን ዱቄት በየቀኑ ስለምወስድ ነው” አሉኝ።

ጉልበት ሲሉ ጊዜ ሌላው አልተሰማኝም። አዮ ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል። በስልክ “አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ” ትለኛለች፤ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ግን ከግቢ መውጣት እንዳቃታት ነግረውኛል። ሄጄ እንዳላስታምማት የመኖሪያ ፈቃዴ ገና አልወጣም። የስደተኞች ቢሮ ሄጄ ብጠይቅ ሠራተኛዋ ፈገግ ብላ፣ “መሄድ ትችያለሽ፣ የማትችይው መመለስ ነው” አለችኝ።

ስለዚህ ዱቄቱን ገዛሁ። ከኢንግሪድ አጥር ለቅሜ ማድረቅ እችል ነበር፣ ግን የውጭ ነገር ሲታሸግ የበለጠ የሚያሽር ይመስለናል አይደል? ፖስታ ቤት ያለው ሠራተኛ ጠየቀኝ፦

“ምንድን ነው?”

“የኒፖን ዱቄት።”

“እናንተ አገር አይበቅልም?”

“ይበቅላል።”

“ታዲያ ለምን ትልኪያለሽ?”

“እናቴን ጉልበቷን ያማታል።”

ቀና ብሎ አየኝና ማኅተሙን መታው።

ባለፈው ጁምዓ ደወልኩላት።

“አዮ፣ ዕቃው ደረሰሽ?”

“ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥሽ። ገንፎ ላይ አድርጌ በላሁት። በርበሬያቸው ግን ይጎመዝዛል እንጂ አያቃጥልም።”

“በርበሬ አይደለም እኮ! የጉልበት መድኃኒት ነው፣ ከቀጋ የተሠራ።”

“ከየትኛው ቀጋ?”

“ከምናውቀው ቀጋ።”

እስክታስል ሳቀች። “ያ ረቢ! ቀጋ በአውሮፕላን! አንቺ ልጅ፣ እዚህ ሞልቶ የለም እንዴ? ዘንድሮ የሚለቅመው አጥቶ አጥሩ ላይ ደረቀ።”

“የሰፈሩ ልጆችስ?”

“ልጆቹማ እናንተ ነበራችሁ።”

ይህን ስትል ሳቋ አልነበረም። ናፍቃኛለች፣ እግሯን ይዤ ማሸት ነው የምፈልገው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

“ኢንሻአላህ እመጣለሁ” አልኳት።

“መቼ?”

ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አየሁ።

“ሄሎ? ሄሎ? ኔትወርኩ ጠፋ መሰለኝ። በይ ነጋያን ቱሪ፣ በሰላም ቆዪ፣ ልጄ” አለችና ዘጋችልኝ።

ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር።