ስድስት ላይ የቆመው ቁጥር

ደብተራውን የጠረጠርኩት ገና ቤታችን ሳይገባ ነው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ከጊዮርጊስ በታች አራዳ ገበያ ውስጥ፣ ሊያገባኝ ሽማግሌ በላከው የአቡጀዲ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ ሲስቅ አይቼዋለሁ። ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ሲመጣ ግን ነጋዴውን በዓይኑ አይቶት እንደማያውቅ ሰው ሆነ።

አባቴ ትምህርቷን ትጨርስ ይል ነበር። እናቴ ደግሞ እንዲህ ያለ ባለ ሱቅ ሁለተኛ አይመጣም ትላለች። ስለዚህ የሁለታችን ስም ይቆጠርና ኮከባችን ይታይ ተባለ። ስም ማስቆጠር በሰፈራችን የተለመደ ነው፤ ፊደላቱ ይደመራሉ፣ ዘጠኝ ዘጠኙ እየተጣለ ይገደፋሉ፣ የተረፈችው ትንሽ ቁጥር ዕድል ትባላለች። የእኛ ግን ትንሽ አልሆነችም። ደብተራው የትምህርት ቤት ሰሌዳዬን አስመጣና፣ በግዕዝ ሳይሆን በፈረንጅ አኃዝ፣ 142857 ብሎ ጻፈ። ከሁለት ሰው ስም ይህን የሚያህል ቁጥር ከየት መጣ?

«እስቲ አንቺ ተማሪዋ፣ በሁለት አባዢው» አለኝ።

285714 ሆነ።

«በሦስትስ?»

428571።

«አዩልኝ ጌታዬ?» አለ ወደ አባቴ ዞሮ። «ያው ስድስቱ አኃዞች ናቸው። ተራ ጠብቀው ይዞራሉ እንጂ አንዱ አይጎድል፣ እንግዳ አይገባ። ሁለት ዓመት ብትቆይም ሦስት ብትቆይም ዕድሏ ይኸው ሰው ነው። ታዲያ መጠበቁ ለምን?»

በአራትም፣ በአምስትም፣ በስድስትም አባዛሁት። ያው ዞሩ። የገዛ እጄ መሰከረብኝ። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ደብተራው መዳፉን ሰሌዳው ላይ ጫነና «ይበቃል፤ ከዚህ በላይማ ከቆየች ቆማ ቀረች!» አለ። ተሳሳቁ።

ለምን ስድስት ላይ አስቆመኝ? ጠላ ሲቀዳላቸው ሰሌዳዬን ይዤ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁና በሰባት አባዛሁት። 999999። ዘጠኝ ብቻ ተደርድሮ ቀረ፤ ከቀድሞዎቹ አንድም የለ።

ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ሰሌዳውን አባቴ ጭን ላይ አኖርኩት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«በሰባት ነው፣ አባባ።»

አባቴ ሰሌዳውን አየ፣ ደብተራውን አየ። «እንግዲህ መሪጌታ፣ እርስዎ እንዳሉት ከሆነ ሰባት ላይ ዕድሏ ይለወጣል። እንጠብቃለን።»

«ሰባት ዓመት? ልጅቷን ሊያሻግቷት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ቁጥሩ የእርስዎ ነው።»

ነጋዴው ወዲያው ሌላ ቤት ሽማግሌ ላከ። እኔም ትምህርቴን ቀጠልኩ። አባቴ ቁጥሩን አምኖ ይሁን ሰበብ አግኝቶ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

በማግስቱ ግን ቁጥሩን ራሱን ጠረጠርኩት። ብቻዬን ሆኜ በስምንት አባዛሁት፦ 1142856። ከፊት ያለችውን አንድ አንስቼ ከቀረው ላይ ብደምራት ያው የነጋዴው 142857 ተመልሶ ቁጭ አለ። እናቴ ከደጅ ስትገባ ሰማሁና ሰሌዳውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት።