እናናየሁ ያልፈረመችው ወረቀት

እናናየሁ ግትር ነበረች። ያደገችበት እነዋሪ ሳለች አባቷ «ይቺ ልጅ አንዴ እንቢ ካለች ጥማድ በሬም አይስባት» እያሉ ያማርሩ ነበር። እኔ ግን እላለሁ፣ በዚያ በደርግ ዘመን እንደሷ ያለ ግትር በበዛ!

በድርቁ ጊዜ ደብረ ብርሃን በአንድ የእህል መጋዘን የሬዲዮ ሠራተኛ ነበረች። ከአንኮበር ቁልቁል፣ አሊዩ አምባ ያለው መጋዘን ያስገባውንና ያወጣውን እህል በሬዲዮ ይነግራታል፤ እሷም ትመዘግባለች። የሁለቱ መዝገብ አንድ መሆን አለበት። መንገድ ላይ የሚያደባ ዘራፊ እንዳይሰማ ቁጥሩ የሚላከው በምስጢር ቁልፍ ተለውጦ ነው፤ ቁልፉም በየቀኑ ይቀየራል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ያሕያ ነው። ድምፁን እንጂ መልኩን አታውቅም።

መልእክቱ ጠዋት ብቻ ሳለ ሁሉ ሰላም ነበር። መኪኖች ወደ ማታ መጫን ሲጀምሩ የምሽት መልእክት ተጨመረ፤ ያን ጊዜ ነገሩ ተበላሸ። የጠዋቱ ደህና ይፈታል፣ የምሽቱ ግን ዝባዝንኬ ነው። የሁለቱ መዝገብ ተለያየ።

የመጋዘኑ ካድሬ ጓድ ገብረአብ «አሻጥር ነው» ብሎ ለበላይ አስተላለፈ። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ቀጥሎ ያሕያ ሆን ብሎ እንዳጠፋ የሚመሰክር ወረቀት ለእናናየሁ አመጣላት። ከፈረመች ያሕያ ይታሰራል፤ በዚያ ጊዜ የታሰረ ደግሞ መቼ እንደሚወጣ ማንም አያውቅም።

«ሳልመረምር አልፈርምም» አለች።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሬዲዮው ጀመረች። ባትሪ ቀየረች፣ ሽቦውን አጠበቀች፤ ለውጥ የለም። ያሕያን ቁጥሮቹን አስደገመችው፤ የሰማችው የላከው ራሱ ነው። እንግዲያው ጥፋቱ ከቁልፉ ነው ማለት ነው። ሐሙስ ምሽት ግራ ተጋብታ ሳለ ያሕያ በሬዲዮው ተሰናበታት።

«ልሂድ እትዬ፣ ጁምዓ ገብቷል፤ ቤት ይጠብቁኛል።»

«ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ?»

«ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ከተሰገደ ወዲያ ጁምዓ ነው እንጂ!»

«ቁልፉንስ የየትኛውን ቀን ነው የያዝከው?»

«የጁምዓውን ነዋ። አዲስ ቀን በገባ ቁጥር ቀይር ተብሎ የለ?»

የዓርቡን ቁልፍ ብታስገባው ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። በራሷ ተናደደች። ዋዜማ ከገባ በዓሉ ገባ እየተባለ ያደገች ሰው፣ ይህን እንዴት አጣችው?

ጠዋት ለገብረአብ ነገረችው። ሰምቷት ሲያበቃ ወረቀቱን መልሶ አስጠጋላት።

«ገብቶኛል። ሪፖርቱ ግን ሄዷል። ፈርሚ።»

«እውነቱን ጽፈው ይላኩ።»

«እኔን ውሸታም ልታሰኚኝ ነው?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ። ቀኑ ስንት ሰዓት እንደሚገባ ያልነገርነው እኛ ነን። እኔ ያላጠፋ ሰው አላስበላም።»

አሳሰራት። ምስክር ስለጠፋ ግን ያሕያን የሚነካው አልተገኘም። በየጊዜው ወረቀቱን ያመጡላታል፣ በየጊዜው እንቢ ትላለች። ሲሰለቻቸው ፈቷትና ከሬዲዮው አንስተው፣ መዘዞ ከተማ የተቀደደ ጆንያ እንድትሰፋ ላኳት።

አንድ የገበያ ቀን አንድ ቀጭን ሰው የምትሰፋበት ድረስ መጣ። መልኩን አታውቀውም።

«እትዬ እናናየሁ» ሲል ግን በድምፁ አወቀችው።

ያሕያ ጆንያውን አየ፣ በመርፌ የተወጋጉ ጣቶቿን አየ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «በእኔ የተነሳ...»

«ተው እባክህ» አለችው መርፌዋን ሳትለቅ። «ዛሬም ቢያመጡት አልፈርምም።»