በዝናብ የሚነበብ መጽሐፍ

እኔ ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ አልችልም። ይህን ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበርኩ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ተራዬን ስጠብቅ ጋዜጣዬን መሪው ላይ ዘርግቼ አነባለሁ፤ ሞተሩ ስለሚጮህ ማንም አይሰማኝም። ሰው ሁሉ እንደኔ የሚያነብ ይመስለኝ ነበር።

ጥፋቱ የየኔታ ነው። ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ቀራንዮ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ጥድ ሥር ነው። ሁላችንም በየፊናችን እየጮህን ነበር የምናነበው። ድምፁ የጠፋ ልጅ አላነበበም ማለት ነው፤ የየኔታ አለንጋ ደግሞ ዝም ያለውን ልጅ ፈልጎ አያጣውም። እናም በዚያ ዕድሜዬ በጆሮዬ ያልገባ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥም እንዳይገባ ሆኜ ቀረሁ። ዓይኔ ብቻውን መስመሩ ላይ ሲሄድ ፌርማታውን ሁሉ ሳይቆም እንደሚያልፍ አውቶቡስ ነው፤ አንድም ሰው አይጭንም።

ቤት መዋል ስጀምር ባለቤቴ ጥቂት ታገሠችኝ። እሷ እቤት ልብስ ትሰፋለች። ደንበኞቿ ሊለኩ ሲመጡ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣዬን አንበለብላለሁ።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ደንበኞቼ ጠንቋይ ቤት የገቡ እየመሰላቸው ነው። እዚያ ታች ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል አሉ፤ ሂድና እዚያ ድገም።»

ሄድኩ። ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ የጎመን ማሳውንና ገና እየተሠራ ያለውን ፎቅ ካለፉ በኋላ የሚገኝ የድሮ የቀበሌ አዳራሽ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። አገልግሎቱ ግን አይናቅም። ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ አለ፣ ቅዳሜ ለሕፃናት ተረት ይነበባል፣ ለፈተና ተማሪዎች ወንበር አለ፣ መብራት ባለ ጊዜ ደግሞ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ እዚያ ነው ቻርጅ የሚደረገው። ተማሪዎቹ የሚያነቡትን ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። መደርደሪያው ላይ ላሉት መጻሕፍት ብሎ የሚመጣ ከእኔ ሌላ ብዙም አላየሁም።

ኃላፊዋ ወጣት ናት፤ ስትራመድ ኮቴዋ እንኳ አይሰማም። ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደምወድ ጠየቀችኝና ወፍራም ልብ ወለድ አወጣችልኝ። መናኸሪያ ውስጥ ትንሽ ልጇ የጠፋባት እናት ታሪክ ነው። ቅጂው አንድ ብቻ ስለሆነ ከአዳራሹ አይወጣም አለችኝ። እኔም ወዴትም አልወስደውም ብዬ ተቀመጥኩና ጀመርኩ።

ወዲያው ፊት ለፊቴ የተቀመጠች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ቀና አለች።

«አባባ፣ ይቅርታ፣ ፊዚክስ እያጠናሁ ነው።»

«በርቺ ልጄ» አልኳትና ቀጠልኩ።

ቅሬታ መሆኑ የገባኝ ኃላፊዋ መጥታ ግድግዳው ላይ ያለውን «ጸጥታ ይከበር» የሚለውን ጽሑፍ በጣቷ ስታሳየኝ ነው። በማግሥቱም ረሳሁትና እንደገና መጣች። በዚህኛው ጊዜ ፊቷ ከበድ አለ።

«አባባ፣ እኔ እርስዎን ማስከፋት አልፈልግም። ግን ፈተና ደርሷል። አንድ ጊዜ እንኳ ሌላ ቅሬታ ከመጣ ወንበሩን ለተማሪ መስጠት ግዴታዬ ነው።»

ዝም ብዬ ለማንበብ ሞከርኩ። ገጽ ገለጥኩ፣ ደግሞ ገለጥኩ፤ ብዙ ከሄድኩ በኋላ እናትየዋ የት ደረሰች ብዬ ራሴን ብጠይቅ፣ እኔ ዘንድ ገና መናኸሪያው ላይ እንደቆመች ናት። ከንፈሬን ብቻ ላንቀሳቅስ ብል ፉጨት ሆኖ ይወጣል። ኃላፊዋ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ የቅዳሜውን የሕፃናት ንባብ እንድይዝ ጋበዘችኝ። እዚያ እንደልብዎ ይጮሃሉ አለችኝ።

ያ ደግሞ ሌላ ጉድ ሆነ። ከየኔታ በወረስኩት ድምፅ «ጥንቸል ሮጠች» አልኩ። ሕፃናቱ ትምህርት መስሏቸው በአንድነት «ጥንቸል ሮጠች!» ብለው መለሱልኝ። «ጅብም ተከተላት» ስል «ጅብም ተከተላት!»። ተው ብላቸው «ተው!» አሉኝ። ጥንቸሏ ጉድጓዷ ሳትደርስ ሰዓቱ አለቀ፤ ሕፃናቱ ግን በጣም ደስ ብሏቸው ሄዱ። ኃላፊዋ በየሳምንቱ ይምጡልን ብትለኝም እምቢ አልኩ። እኔ ማንበብ የፈለግኩት ለራሴ ነው። ይህ ስስት ከሆነ ስስታም ነኝ።

ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሾፌርነቴ ዘመን በየመናኸሪያው እናታቸው የጠፋችባቸው ልጆች ሲያለቅሱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ የፕሮግራም ሰዓት ስላለብኝ ጥያቸው እሄዳለሁ። መጨረሻቸውን አላውቅም። ይህችን እናት ግን እስከ መጨረሻው ልከተላት ፈልጌ ነበር። ወንበሬን ካጣሁ እሷንም አጣኋት ማለት ነው፣ ይህም ሌሊት ሁሉ ያሳስበኝ ጀመር።

ሰኔ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በአንዴ ወረደ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ሥር ዝናብ ሲዘንብ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው እንኳ አይደማመጥም። እስኪ ልሞክር ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ማንም ቀና አላለም። «ወይኔ ጉዴ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ማንም። መጽሐፌን ከፈትኩና እናትየዋን ከመናኸሪያው ይዣት ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የአየር ሁኔታ ተንባይ ሆንኩ። ሰፈሩ ጭቃውን ሲያማርር እኔ በመናገሻ በኩል ሰማዩ ጠቆረልኝ ወይ እያልኩ አንጋጥጣለሁ። ፀሐይ በወጣ ቀን ፊቴ ይጠቁራል፤ ጋዜጣ ይዤ ሥዕል ሳይ እውላለሁ። ካፊያ ሲሆን በአንደኛ ማርሽ፣ ደህና ዝናብ ሲሆን በሦስተኛ አነባለሁ። ዝናቡ ቀነስ ሲል እኔም ቀነስ፣ ሲያባራ ቀጥ። ሾፌርነት አጉል ነገር አይደለም።

በዚያው ሰሞን ያቺ የፊዚክስ ተማሪ ደብተሯን ሰብስባ ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች። የበፊት ቦታዋ ላይ ጣሪያው ያፈሳል አለች። እኔ ግን ልትጠብቀኝ፣ እጅ ከፍንጅ ልትይዘኝ የመጣች መሰለኝ። ዝናብ በመጣ ቁጥር እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ ጭንቅላቷን በእጇ ደግፋ ወደ እኔ ዘንበል ትላለች። ጥናቱ አድክሟት እንቅልፍ እየወሰዳት ነው ብዬ ድምፄን በወዲያኛው ጉንጬ በኩል ለማውጣት እሞክር ነበር።

ፈተናው የቀረበ ጊዜ፣ አንድ አርብ ከሰዓት በረዶ ጣለ። በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከዝናቡም የባሰ ነው። ደስታዬን አልችለውም፤ በአራተኛ ማርሽ ለቀቅኩት። እናትየዋ ከስንት መንከራተት በኋላ አድራሻውን አግኝታ አንድ የቆርቆሮ በር አንኳኩታለች። ጎልማሳ ሰው ከፈተላት። ማንን ፈልገው ነው አላት። እኔ ድሮውንም መያዣ መጨበጫ የለኝ፣ ተነሥቼ ልቆም ምንም አልቀረኝ። እሷም አፏን ከፈተች፤ በዚያች ቅጽበት በረዶው ቧንቧ እንደተዘጋ ቀጥ አለ።

«እናትህ ነኝ!» የሚለው የእኔ ጩኸት አዳራሹ ውስጥ ብቻውን ቀረ።

ሁሉም ዞሩ። ከኋላ አንዱ ሳቁን ሊውጥ ሲል አመለጠው። ጺሜ የሸበተ፣ ከዘራዬን ያስደገፍኩ ሰውዬ ነኝ፤ የማን እናት እንደሆንኩ ይጠይቁኝ? ኃላፊዋ ከወንበሯ ተነሣች። አፈርኩ። ከእፍረቴ ይልቅ ግን ኀዘኔ በለጠ፤ ልጁ ምን ብሎ እንደመለሰላት ሳልሰማ ልወጣ ነው። መጽሐፉን ዘጋሁና ኮፍያዬን አነሣሁ።

«አይናገሩኝ፣ ገብቶኛል» አልኳት፤ በድንጋጤ በልጄ ዕድሜ ያለችውን ሴት አንቱ አልኳት።

ኃላፊዋ ወደ ተማሪዎቹ ዞራ «ቅሬታ ያለው አለ?» ብላ ጠየቀች።

ዓይኔን ወደ ጎረቤቴ አላዞርኩም። ድሮም ከሳሼ እሷ ናት። እጇ ሲዘረጋ ግን በጎን አየሁት፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ልታሳይ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሷ መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳበችና ከፈተችው። ገጹን አልፈለገችም፤ ታውቀዋለች። ጣቷን መስመሩ ላይ አስቀመጠች።

«እዚህ ጋ ነን፣ አባባ» አለችኝ። «እኔ እሑድ ለፈተናው ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ። ሳልሰማው እንዳልሄድ።»

እንባዬ መጣ፤ ምን እደብቃለሁ። ኃላፊዋ በሩን ሄዳ ዘጋችና ባዶ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መነጽሬን በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩ፣ ከዚያም ከልጅቷ ጣት ቀጥዬ፣ ያለ ዝናብ፣ ማንበብ ጀመርኩ።