የሐጂ ነስሩ መስኮት

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ይህችን አንዷን ጉሮሮዬ ላይ ይዤ ከፊታቸው የተነሣሁበት ጊዜ ብዙ ነው። አሁን ፊቴን ለማታየው ለአንተ ልናገር ነው። አስቀድሜ ግን ላስጠንቅቅህ፤ ከዝርዝሩ የምስተው ሊኖር ይችላል። ዓመቱ ከሚሌኒየሙ በዓል በፊት ይሁን በኋላ እርግጠኛ አይደለሁም። የግቢው በር አረንጓዴ ይመስለኛል፤ ሌላ ቀለምም ሊሆን ይችላል። ትዝታዬ እንደ ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ ባለቤቱን ለማዳን ሲል የማይምልበት ነገር የለም። ድርጊቱን ግን አልረሳሁትም። ያደረግሁት እኔ ነኝ።

በዚያን ጊዜ፣ ከባሕር ማዶ ተፈትተው የሚመጡ መኪኖችን እየገጣጠመ ሚኒባስና መለስተኛ አውቶቡስ በሚያወጣ ፋብሪካ ውስጥ የአገር ውስጥ ግዢ ኃላፊ ነበርኩ። ሞተሩም ሻንሲውም ከውጭ ይመጣል፤ የተሳፋሪውን ወንበር ግን የምናሠራው መርካቶ ነበር። ሐጂ ነስሩ የሚባሉ ነጋዴ ከጭድ ተራ ጀርባ በተከራዩት ግቢ ውስጥ ስፖንጁን እያስቆረጡ፣ ሌዘሩን በማስቲሽ እያስለጠፉ ያስረክቡን ነበር። ሞተሩን የሚሸጥልን የውጭ ኩባንያ ደግሞ ዕቃ የምንገዛባቸውን ቦታዎች የሚያይ ሰው በየጊዜው ይልካል። ደንቡ ግልጽ ነበር፤ ሠራተኛውን ከሚጎዳ ሰው ዕቃ የገዛ፣ ጉዳቱንም አብሮ ገዝቷል። ይህን ሐሳብ በዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ። ተፈትኜበት በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ። በወረቀት ላይ ጻድቅ መሆን ምንኛ ቀላል ነበር!

የሐጂ ነስሩ ወንበር የሚለጠፈው አንድ በርና አንድ መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ ነው። በመስኮቱ የሚገባው አቧራ ገና ባልደረቀው ማስቲሽ ላይ እያረፈ ከሌዘሩ ሥር ጉብ ጉብ ይል ነበር። አንድ ጊዜ ያስረከቡንን ወንበር በሙሉ መለስኩባቸው።

“ፈንጣጣ ያወጣ ወንበር አልቀበልም፣ ሐጂ” አልኳቸው።

“ኢንጅነር፣ መርካቶ መሐል አቧራ የሌለበት አየር ከየት ላምጣልህ? ከጅዳ ላስጭነው?”

“እሱ የእርስዎ ጉዳይ ነው። እኔ አቧራ አልገዛም።”

ኢንጅነር አልነበርኩም። የተማርኩት ማኔጅመንት ነው፤ ሲጠሩኝ ደስ ስለሚለኝ ግን አንድም ቀን አላረምኳቸውም። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ መስኮቱ በቆርቆሮ ተሸፍኖ በሚስማር ተመታ። ሐጂ ነስሩ አሸጉት። ለዓመታት የማውቀው፣ ለጠየቀኝም የምናገረው ይህንኑ ነበር። ጉብታው ጠፋ፤ ወንበሩ እንደ መስታወት ለሰለሰ። አቧራው በገባበት ነፋስም ይገባ እንደነበር አላሰብኩም ልበልህ? ልዋሽህ? አስቤዋለሁ። ርክክብ ስፈጽም እኔ ራሴ ከደጅ ቆሜ እንጂ ውስጥ አልቆይም ነበር፤ ሽታው ራሴን ያዞረኝ ነበርና።

ማስቲሹን በብሩሽ ከሚቀቡት መካከል ከጎጃም የመጣች እትዬ ዘነቡ የምትባል ሴት ነበረች። ቦታዋ ከመስኮቱ ሥር ነው። አንድ ማለዳ ወደ ሥራ ስትገባ እኔ እበሩ ላይ ቆሜ ነበር። አንዱ እግሯ ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ ሌላው ባዶ ነው።

“እትዬ ዘነቡ፣ ጫማሽስ?” አላት ስፖንጅ ቆራጩ።

ጎንበስ ብላ አየች። እስኪነግራት ድረስ አላወቀችም ነበር።

“ውይ! አውቶቡስ ተራ ወልቆ ቀርቶ ይሆናላ።”

“እስከዚህ ድረስ በባዶ እግርሽ ስትመጪ አልታወቀሽም? ፍቅር ይዞሻል!”

“ምን አለ እሱ በያዘኝ! አንተ ደግሞ ጫማው ብቻ በመቅረቱ አመስግን፤ እግሩም ቢቀር አልሰማሁም ነበር።”

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወጥቼ ስሄድ ግን እየተጎተተች ተከተለችኝ፤ ከፊቷ ላይ ሳቁ ጠፍቷል።

“ኢንጅነር፣ እውነቱን ልንገርህ። እግሬ ከቁርጭምጭሚት በታች የኔ አይደለም። አሁን ደግሞ ጣቶቼ ጀምረዋል። ያ መስኮት ከተዘጋ ወዲህ ነው። ሊጎበኙ ይመጣሉ የሚባሉት ፈረንጆች ሲመጡ ንገርልኝ። ሐጂን እንዳትከስብኝ፤ እንጀራዬ ናቸው። መስኮቷን ብቻ ይክፈቱልኝ።”

“እነግርልሻለሁ” አልኳት።

በዚያው ሰሞን አብሮ አደጌ ከሆነ ሐኪም ጋር ምሳ ስንበላ፣ እንደ ዋዛ አድርጌ ጠየቅሁት። እጁ ጉርሻ ላይ እንዳለ መለሰልኝ። አንዳንዱ ማስቲሽ ትነቱ ነርቭ ይገድላል፤ ከእግር ይጀምራል፤ ቶሎ ከራቁት ግን ብዙ ጊዜ ይድናል አለኝ። ይህን አንብብና እዘንብኝ፤ አላወቅሁም የምልበት በር በዚያ ማዕድ ላይ ተዘግቷል። እግሯ ሊድን እንደሚችል አውቄ ነበር። ጊዜው እያለፈባት እንደሆነም አውቄ ነበር።

ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? መስኮቱ ከተከፈተ አቧራው ይመለሳል። አቧራው ከተመለሰ ወንበሩ ይዘገያል፤ ወንበሩ ከዘገየ አውቶቡሱ ቆሞ ይጠብቃል። ከውጭ ኩባንያው የሚላከው እንግዳ ችግሩን ካየ ደግሞ ሐጂ ነስሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ለሥልጠና ወደ ውጭ ይላካሉ ከተባሉት አንዱም እኔ ነበርኩ። ምክንያቴ ይህ ብቻ ነው። የተራበ ልጅ አልነበረኝም። ያስፈራራኝ ሰው አልነበረም።

እንግዳው መጣ። ሌሎቹን ቀናት በፋብሪካውና በቢሮው እያዞርኩት አሳለፍኩና መርካቶን ለዓርብ አቆየሁት። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ሐጂ ነስሩ ሥራ ያቆማሉ። የማስቲሹ ጣሳ ሁሉ ይከደናል፤ ወለሉ ይጠረጋል፤ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ሙስሊሞቹ ወደ መስጊድ ይሄዳሉ፤ ክርስቲያኖቹ እዚያው ቁጭ ብለው ያርፋሉ። ይህን ልማድ አውቀዋለሁ። የመረጥኩትም ስለማውቀው ነው።

“ከሶላት በኋላ ብትመጡ አይሻልም?” አሉኝ ሐጂ። “ሰዉን ሥራ ላይ ያየዋል።”

“በጁምዓ ሰዓት ነው የሚመቸን። የቀሩትንም ወደ ደጅ ቢያወጡልኝ።”

ቀና ብለው አዩኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልሸሸሁትም፤ አልቻልኩም።

“አንተ ልጅ፣ የኔን ሶላት መጋረጃ ልታደርገው ነው?”

“ሥራው እንዲቀጥል ከፈለጉ ነው።”

ፊታቸውን አዞሩብኝ። ግን ሠራተኞቹን አስወጡ። ለመርካቶ ነጋዴ ከአንድ ፋብሪካ ግዢ ኃላፊ የሚመጣ እንዲህ ያለ ቃል ምን ማለት እንደሆነ እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

እንግዳው ንጹሕ ወለል አየ። ክዳናቸው የተገጠመ ጣሳዎች አየ። አፍንጫውን ነፋ አድርጎ የሚሸተው ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ ጎረቤቶቹ ጫማ ሠሪዎች ናቸው አልኩት። ቆርቆሮውን በጣቱ መታ መታ አደረገና መስኮቱ ለምን እንደታሸገ ጠየቀኝ። ባለቤቱ ሌባ ፈርተው ዘግተውት ነው አልኩት። ውሸት ምን ያህል ቶሎ ቤት እንደሚሠራ ልብ በል! ያን ዕለት ለአንድ እንግዳ ያልኩትን፣ እየደጋገምኩ ለራሴም ስነግረው ኖሬ፣ በመጨረሻ ትዝታዬ ሆነ።

ስንወጣ እትዬ ዘነቡ ከበሩ ማዶ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስታየን ግድግዳውን እየተደገፈች ተነሣች።

“ነገርክልኝ?”

“ነገርኳቸው።”

ፊቷ በራ። ወደ እንግዳው ዞራ ነጠላዋን ከትከሻዋ ዝቅ አደረገች፤ እጅ ነሣች። “እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ። ሌላ አልፈልግም፤ መስኮቷን ብቻ።”

እንግዳው ምን እንዳለች ጠየቀኝ።

“እንኳን ደህና መጣህ እያለችህ ነው” አልኩት።

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በአክብሮት ጎንበስ አለላት። እሷ ደግሞ ከእሱ ዝቅ ብላ ጎነበሰች። ሁለት ቅን ሰዎች እየተመሰጋገኑ፣ እኔ በመካከላቸው ቆሜ ነበር። ሁለቱንም ቋንቋ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ መስኮቱ አልተከፈተም፤ ወንበሩም አልዘገየም። እኔም ለሥልጠናው ሄድኩ። ስመለስ እትዬ ዘነቡ በቦታዋ አልነበረችም። ቆማ መሥራት አቅቷት ወጣች አሉኝ። መኖሪያዋን አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ትሳለምበት በነበረው ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የሚያውቃት ሰው አይጠፋም ነበር፤ ያልጠየቅሁት ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ አየኋት። አውቶቡስ ተራ ውስጥ፣ ወደ ጎጃም በሚሄድ አውቶቡስ በር ላይ። አንድ ተሸካሚ እንደ ሕፃን በጀርባው አዝሏት ነበር። “እማማ፣ ጥብቅ አድርገው ይያዙኝ እንጂ!” ይላታል፤ እሷም “በየትኛው እጄ?” ስትለው ሰማኋት። እማማ ይላታል፤ ግን እኮ አሮጊት አልነበረችም። ከአንድ ሚኒባስ ጀርባ ተሸሸግሁ። የተሳፈረችበት አውቶቡስ የእኛ ፋብሪካ ሥራ ይመስለኛል፤ በገዛ እጇ የለጠፈችው ወንበር ላይ የተቀመጠች ይመስለኛል። ይህ ግን ምናልባት በኋላ የጨመርኩት ነው። ኅሊና ዘግይቶ ሲነቃ ቅጣቱን ማሳመር ይወዳል። ተሸካሚው እውነት ነው። መሸሸጌም እውነት ነው። ጥቂት እርምጃ ተራምጄ “ይቅር በይኝ” ማለት አቅቶኝ ነበር? አላቃተኝም። አላደረግሁትም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ፋብሪካውን ከለቀቅሁ በኋላ፣ ወደዚያ ግቢ ተመለስኩ። ሐጂ ነስሩ አርፈዋል። ልጃቸው ክፍሉን የፕላስቲክ ጫማ ማከማቻ አድርጎታል። እትዬ ዘነቡን አላስታወሳትም፤ ከአገሯ የመጣ ወሬም አልሰማም። መስኮቱን ማየት እፈልጋለሁ ስለው ሳቀብኝ።

“መርካቶ መጥቶ መስኮት የሚጠይቅ ገበያተኛ ገና ዛሬ አየሁ፣ ጋሼ! ይግቡ፤ ካርቶኑን ላንሳልዎት።”

ለምን እንደሄድኩ ልንገርህ። ከአንድ ሌሊት ሕልም ወይም ከአንድ ስብከት የተነሣ አይደለም። አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ፋብሪካችን አውቶቡሶቹን የሚቀባው በልዩ ቀለም ነው፤ እዚያው ፋብሪካው ውስጥ የሚበጠበጥ፣ ገበያ ላይ የማይገኝ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ። የተቀባ ቁርጥራጭ ቆርቆሮ ያለ እኔ ፈቃድ ከፋብሪካው በር አይወጣም ነበር። አንድ ቀን ቁርጥራጭ ቆርቆሮ ወደ መርካቶ እንዲጫን ያዘዝኩ መሰለኝ። ነው ወይስ አይደለም? ትዝታዬ፣ ያ ሐሰተኛ ምስክር፣ አይደለም ይለኛል። መስኮቱን ያሸጉት ሐጂ ነስሩ ናቸው፤ ሌባ ፈርተው ነው ይለኛል። ለማረጋገጥ ነው የሄድኩት።

ይቅርታ አልጠይቅህም። ይቅር የምትለኝ አንተ አይደለህም፤ ይቅር የምትለኝን ደግሞ እኔው ራሴ በሰው ጀርባ ስትሄድ ቆሜ አይቻታለሁ። ያረጋገጥኩትን ብቻ ልንገርህና ላብቃ። ቆርቆሮው ከነሚስማሩ በቦታው ነበር። በዓመታት አቧራና ጥቀርሻ ጠቁሯል። ከኪሴ ቁልፍ አወጣሁና ጥጉን ፋቅሁት። ከሥሩ የወጣው ቀለም ቢጫ ነው።