የአባቴ አንካሴና የተረገጠው ማሳ

መሬት ይገደላል ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር። ጣሊያን ግን ገደለብን። ከቡሬ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወደምንላት ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን ማሳችንን፣ በጋውን ሙሉ የካሚዮንና የበቅሎ ማደሪያ አደረገው። ቤታችንን ከነእህሉ አቃጥሎት ስለነበር በእጃችን የቀረች ከዘመድ የለመንናት ጥቂት የዘር ጤፍ ብቻ ነበረች። ሰኔ ሲገባ ሰፈሩን ነቅሎ ወደ ኮረብታው ምሽግ ወጣ፤ እኛም መሬታችንን አገኘን ብለን ተመስገን አልን።

እኛ አገር ጤፍ ከመዘራቱ በፊት ማሳው በከብት ይረገጣል። ዘሩ ደቃቅ ነው፣ ልል አፈር ይውጠዋል። ስለዚህ መንደርተኛው ሁሉ «ጣሊያን ረግጦላችሁ የለም ወይ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» ይለን ጀመር። እኔም አፌን ሞልቼ «አባባ፣ እንዝራው እንጂ!» አልኩ። ያኔ ሞፈር የጨበጥኩ ጎረምሳ ነበርኩ፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

አባቴ አንካሴውን አነሳ። አንካሴ ጫፉ ሹል ብረት የሆነ ምርኩዝ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ጠብቆ ቀስ እያለ መሬት ውስጥ ይጫነዋል፤ ጠልቆ ከገባለት «ዝሩ» ይላል፣ ስንዝር ሳይሞላ ከቆመበት «ተዉት» ይላል። ሰው ከሩቅ እየመጣ ማሳውን ያስወጋው ነበር፤ ምክንያቱም አባቴ ለወዳጅም ለጠላትም ስለ መሬት ዋሽቶ አያውቅም። ክብሩም ሀብቱም ይኸው ነበር።

«የከብት ኮቴ ቆዳውን ነው የሚያጠብቅ» አለኝ። «የካሚዮኑ ክብደት ግን ሆዱ ድረስ ጠቅጥቆታል። ሥሩ በየት ይግባ? ውሃውስ ወዴት ይሂድ?»

እዚህም እዚያም እየወጋ ሳለ ከምሽጉ አዩት። አስካሪዎች፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ መጡ፤ ከፊታቸው አንድ ባንዳ። ባንዳው የመንደራችን ሰው ነው፣ ገበሬ ነው፤ አባቴ የእሱንም ማሳ ስንት ጊዜ ወግቶለታል። «የቀበርከውን ጠመንጃ ነው የምትፈልግ» አለ። አባቴ «አንተ ታጣኛለህ? መሬቱ ምን ያህል እንደጠጠረ ነው የምመለከት» አለው። ያውቃል እንጂ! እንዴት አባቱ አያውቅም! ግን ውሻ በበላበት ይጮሃል፤ ወደ አስካሪዎቹ ዞሮ በእጁ የጠመንጃ ምልክት አሳያቸው።

በሰደፍ መቱት። ልደርስለት ስሮጥ እኔንም ጥለው አንገቴ ላይ ቆሙብኝ፤ ግማሽ ፊቴ ጭቃ ውስጥ ሆኖ በአንድ ዓይኔ አያለሁ። ባንዳው የአባቴን ቀኝ እጅ ድንጋይ ላይ አስደግፎ በሰደፉ ደቀደቀው። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት። ከዚያ አባቴ የወጋውን ቦታ ሁሉ በዶማ አስቆፈሩኝ። ዶማው እየነጠረ መዳፌ ተልጦ ደማ፤ ጠመንጃ የሚባል ነገር የለም። ሲሰለቻቸው ሳቁና ሄዱ።

አባቴ የተሰበረ እጁን ወጌሻ አስሮለት ተኝቶም ቢሆን ጤፏን አላዘራኝም፤ በግብጦ ዘር አስለወጠኝ። የግብጦ ሥር ብርቱ ነው፣ የጠጠረ መሬት ሰንጥቆ ይወርዳል። ያን ዓመት ግብጦውን ወንዝ ውስጥ እየዘፈዘፍን፣ ምሬቱን እያስለቀቅን በላን። ነፍሳችን አደረች።

በዓመቱ ባንዳው ብቻውን መጣ። ካሚዮኖቹ በእሱም ማሳ ላይ ከርመው ኖሯል። አንገቱን ደፍቶ «አባቴ፣ ማሳዬን ይዩልኝ። ጎተራዬን ለበቅሎዎቻቸው አራገፉት፤ የቀረችኝ ዘር ይቺው ናት» አለ። «እርስዎ» ማለቱ! ደሜ ፈላና መጥረቢያ አነሳሁ። አባቴ «አስቀምጥ» አለኝ። «አንካሴዬን አምጣ።»

ሄድን። በግራ እጁ ወጋው፤ አንካሴው ከጣት አላለፈም። ሌላም ቦታ ወጋ፣ ያው ነው። ባንዳው «እህ፣ እንዴት ነው?» ሲል አባቴ ቀና ብሎ ሳያየው መለሰለት።

«ጤፍ የተረገጠ መሬት ይወዳል። ዝራው።»

እኔ ክው አልኩ። ባንዳው ጉልበቱን ስሞ ሄደ።

ክረምቱን ሙሉ ውሃው ማሳው ላይ ተኛ፤ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ቀረ። መስከረም ላይ ባንዳው ጠመንጃውን ይዞ ደጃችን ቆመ። አሁን «እርስዎ» የለም።

«አውቀህ ነው?»

«አውቄ ነው» አለ አባቴ። መካድ ይችል ነበር፣ አገር ሁሉ የሚለውን ነው ያለው። ባንዳው የአባቴን ግራ እጅ በሰደፍ መታው፤ ደገመው፣ ሰለሰው። መጥረቢያዬን ይዤ ከኋላው ደረስኩና ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት። ጠመንጃውን ጥሎ፣ እየጮኸ፣ ደሙን እያንጠባጠበ ቁልቁል ወረደ። አስካሪዎቹ ሳይደርሱብን አባቴን አህያ ላይ ጭኜ ፈረስ ቤት ወደምትባለው ከተማ፣ ወደ ዘመዶቻችን ሸሸሁ።

መንገድ ላይ አባቴ አለቀሰ። ሕመሙ መስሎኝ «አይዞህ አባባ፣ ይድናል» አልኩት።

«እጆቼንስ እሱ ሰበራቸው» አለኝ። «ቃሌን ግን የሰበርኩት እኔው ነኝ።»

የፈረስ ቤት ሰዎች ዝናውን ሰምተው ማሳቸውን ሊያሳዩት ሲመጡ «እኔ ስለ መሬት አላውቅም» እያለ ይመልሳቸው ነበር፤ እስኪሞት ድረስ እንዲሁ አለ። እኔ ግን ያ ቢጫ ጤፍ ትዝ ባለኝ ቁጥር አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል፤ ይህንን ለአባቴ አንድም ቀን አልነገርኩትም።