ሰናይት ማንኪራ ላይ ስታለቅስ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቦንጋ ገበያ ስወርድ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች መንገድ ዳር ባጃጅ ሲጠብቁ አገኘሁ። ወዴት እንደሚሄዱ ብጠይቃቸው አንዷ፣ «ለደን ሕክምና ነው፣ እማማ» አለችኝ። ስልክ ተዘግቶ፣ ቀስ ተብሎ፣ ዝም ተብሎ በዛፎች መካከል መሄድ ነው አለች፤ ጭንቀት ያቀላል፣ እንቅልፍ ያመጣል። «ይቅናችሁ» ብዬ አለፍኩ። ገበያ ደርሼ ጎመን ስመርጥ ግን ሐሳቤ ሰናይት ጋ ሄዶ ነበር።

ሰናይት እንደ እኔው ከወሎ ወደ ቦንጋ ተመድባ የመጣች አስተማሪ ነበረች። ዘመኑ ሩቅ ነው፤ ሁለታችንም ገና ልጆች ነበርን። እትዬ አስካለ በሚባሉ የካፋ ሴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ያን ጊዜ ስልክ እንደ ልብ አይገኝም፤ መንገዱም ክረምት ከገባ ጭቃ ነው፤ የአገር ቤት ወሬ የሚደርሰን አርጅቶ ነበር። የሰናይት እናት ማረፋቸው የተሰማውም ተዝካራቸው ከወጣ በኋላ ነው። መምህራኑ በማለዳ ተሰብስበው መጥተው አረዷት። እኛ አለቀስን፤ እሷ አላለቀሰችም። «ታዲያ አሁን ምን ይደረጋል?» አለችና ጫማዋን አድርጋ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

ከዚያ ወዲህ እህል ባንገቷ አልወርድ አለ። ሌሊቱን ዓይኗን አፍጥጣ ታነጋለች። ቀሚሷ ሰፋት። ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ፊት ትቆምና የምትጽፈው ይጠፋባታል። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ መርምረው ምንም በሽታ አላገኘንባትም ብለው ቫይታሚን ሰጥተው መለሱን። አንድ ቀን ከክፍል ስትወጣ ወደቀች። ርዕሰ መምህሩ ጠርተውኝ፣ «በዚህ ሁኔታ ማስተማር አትችልም፤ አገሯ ብትገባ ይሻላል» አሉኝ። ያን ሁሉ መንገድ ትችለዋለች ብዬ አላመንኩም። ብትደርስስ? የምትገባበት ቤት እናቷ የሌሉበት ቤት ነው።

እትዬ አስካለ ሲከታተሏት ከርመው ኖሯል። «ይሄ ልጅ ታንቋል» አሉኝ። አፋቸውን የፈቱት በካፊኖኖ ስለሆነ አማርኛቸው ላይ ወንድና ሴት ይቀያየሩ ነበር። «ቤቱ ጠባብ፣ ጎረቤት ቅርብ፣ ተማሪ ያያል። የት ያልቅስ? ማንኪራ፣ ወንድሜ ጋ እንውሰደው። ጫካው ሰፊ ነው።»

ቅዳሜ ሦስታችንም በእግር ወጣን። ዝናቡ አልፎ ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነበር፤ መሬቱ ግን ገና ይንሸራተታል። ጫካው ሲጀምር ብርሃኑ ደብዘዝ፣ አየሩ ቀዝቀዝ አለ። የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል፣ አልፎ አልፎ ኮረሪማም። ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው ያዩናል። እውነቱን ለመናገር እኔ የማስበው ስለ ጫማዬ ነበር። ሰናይት ቀና ብላ እንኳ አላየችም።

የእትዬ አስካለ ወንድም ጋሽ ወልዴና ባለቤታቸው ቆጮና ጎመን አቀረቡልን። ሰናይት ቆረሰችና መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ቅርጫት ይዘን ከቤተሰቡ ጋር ቡና ለቀማ ገባን። ጥቂት እንደ ለቀምን፣ «ወንዙ ድረስ ደርሼ ልምጣ» አለችኝ። ከቅጠሉ ኋላ ስትሰወር ልከተላት ተነሳሁ፤ እትዬ አስካለ ክንዴን ያዙኝ።

«ተይው፤ ይሂድ።»

ቆይቶ ጩኸት ሰማን። መጀመሪያ የአውሬ መስሎኝ ነበር። ኋላ «እማዬ! እማዬ!» የሚለውን ስለይ ቅርጫቴን ጥዬ ሮጥኩ። አንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ተቀምጣ ደረቷን ትመታለች። ሰው እንዲያ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ ልጠጋት አልደፈርኩም። ቡና የሚለቅሙ የመንደሩ ሰዎች ከየአቅጣጫው መጡ። ማን እንደሆነች አያውቁም። ጋሽ ወልዴ በካፊኖኖ አንድ ነገር አሏቸው። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ዙሪያዋን ተቀመጡና፣ ለማያውቋት ሴት፣ እሷ በማትሰማው ቋንቋ አብረዋት አለቀሱ። ወንዶቹ ራቅ ብለው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ፀሐይ ዘቅዘቅ እስክትል ለቀማ ቆመ።

ሲበቃት ፊቷን አጠቧት። የጋሽ ወልዴ ባለቤት፣ «እናትሽ ማን ነው ስሟ?» ብለው ጠየቋት።

«ዘነበች» አለች።

«ነፍሷን ይማር» አሉ፤ ሌሎቹም ስሙን እየጠሩ ነፍሷን ይማር አሉ። ሰናይት የእናቷን ስም ስትጠራ የሰማኋት ያኔ ነው። ያን ዕለት ማታ ቆጮ በማር በላች፣ ጨምሩልኝም አለች። ጥግ ያለው መደብ ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኔ ደግሞ ትንፋሿን ሳዳምጥ ቆየሁ።

በአንድ ቀን ዳነች አልልም። ከዚያም ብዙ ቅዳሜ ማንኪራ ተመላልሰናል፤ አንዳንዴ ታለቅሳለች፣ አንዳንዴ ዝም ብላ ትሄዳለች፣ አንዳንዴም ስለ ደመወዛችን ማነስ ስናማርር እንውላለን። ዓመቱን አስተምራ ጨረሰች። ኋላም ወደ ወሎ ተዛውራ አገባች፣ ወለደች፤ እኔ እዚሁ ቀረሁ። ጫካው ነው ያሻላት ወይስ ሰዎቹ የሚለውን አሁንም መለየት አልችልም። ሰው ከተማ ውስጥም ነበረ፤ ዛፍም ቢሆን በየቦታው አለ።

ከገበያ ተመልሼ ደወልኩላትና ስለ ወጣቶቹ ነገርኳት። ሳቀች። «እኔኮ ማንም አይሰማኝም ብዬ ነው የጮህኩት» አለች። ደግሞም፣ «ሰምተው ባይመጡ ኖሮ ግን...» ብላ ጀመረች፤ ሳትጨርሰው ስለ ጉልበቷ ሕመም ማውራት ያዘች።